የአቶ ደርቤ ቃል የማን ቃል እንደ ሆነ ለመጠየቅ

ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፷ ዓ.ም.
አማኑኤል

ይድረስ ለክቡር አቶ አካለ ወልድ፣ በደብረ ማርቆስ የኑግ ንግድ ቤት ባለቤት፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታርሶ ባዶውን ከተቀመጠው ማሳችን በቀር ደኅና ነን።

ክቡርነትዎ ሥራ ስለሚበዛብዎ ላስታውስዎ። ኅዳር አማኑኤል ዕለት እኛ ዘንድ ድረስ ደክመው መጥተው፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሕዝቡን አቁመው፣ የአቶ ደርቤን እጅ ይዘው «ይህ ሰው ወኪሌ ነው፤ የእሱ ቃል የእኔ ቃል ነው» ብለዋል። እማኝ አድርገው ከጎንዎ ስላቆሙኝ እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

አንደኛ፤ አቶ ደርቤ በጥር ኑጋችንን ሲገዛ፣ የዘሩንም ጆንያ ለብቻ ተቀብሎ፣ ቤታችን አይጥ ስለማያጣ በእርስዎ የቆርቆሮ መጋዘን አቆይቶ በሰኔ ሊመልስልን ቃል ገባ። የጭነት መኪናዎ ግን የሚሸጠውንም ዘሩንም ሳይለይ አዲስ አበባ ለዘይት መጭመቂያ አደረሰው። ስለ ትጋቱ ምስጋናችን ይድረሰው።

ሁለተኛ፤ ዘራችንን ስንጠይቅ፣ ደርቤን በታኅሣሥ እንደ ሻሩትና ማስታወቂያውም በቢሮዎ በር ላይ እንደ ተለጠፈ ተነገረን። ሹመት በአደባባይ፣ ሽረት በጓዳ መሆኑን ባለማወቃችን ይቅርታ እንጠይቃለን። ማርቆስ ድረስ ሄደን በር ማንበብ ነበረብን፤ አብዛኞቻችን ፊደል አለመቁጠራችንም የራሳችን ጥፋት ነው። ከሻሩት በኋላ የሰበሰበውን ኑግ ለምን እንደ ተቀበሉት ግን አልገባኝም።

ሦስተኛውን መጻፍ ደክሞኛል። ወይዘሮ ወለተ ሐዋርያት ባሏ የሞተባት ናት፤ ማሳዋን በልመና በሬ አሳርሳለች። በየሰንበቱ ከቤተ ክርስቲያን በር ትጠብቀኝና «አባቴ፣ እኔ እኮ ዘሬን የሰጠሁት እርስዎ ስለቆሙ ነው» ትለኛለች። ከዚህ በኋላ ቀና ብዬ ለማስቀደስ አፍሬያለሁ።

ስለዚህ የዘሩ ወቅት ሳያልፍ በመጪው ሰንበት ወደዚያው ግቢ ይምጡልን። ወይ ዘሩን ይዘው፣ ወይ በዚያው ሕዝብ ፊት «ቃሉ ቃሌ አልነበረም» ለማለት።

ደጅዎን ጠንቶ መመለስ የለመደው፣ እማኝነቱ የከበደው አገልጋይዎ
ወልደ ሰንበት

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ አቶ ይርዳው ወኪሌ ነው። ቢያመሰግንዎ ቃሉ የእኔ ነው። ቢያስቀይምዎ ግን ትናንት ሽሬዋለሁ፤ ማስታወቂያው ባዶው ጎተራዬ ላይ ተለጥፏልና መጥተው ያንብቡ።