ፊልም በኦሬል ጆሮ

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 7

ዛሬም ዝናብ። የበረንዳውን ወንበሮች ማስገባት ጀመርኩ። ሁለት ካስገባሁ በኋላ ጉልበቴ በቃኝ አለ። የቀረውን ንፋስ ይውሰደው።

ከሰዓት ኦሬል የፊልም ቤቱን ማስታወቂያ ይዞ መጣና አንብብልኝ አለ። ክሎዲን ቤሪዮ አዲስ ፊልም ሠርታለች። በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ እዚሁ ከተማችን ይዛው ትመጣለች። እስከዚያ በየረቡዑ የድሮ ድራማዎቿን ያሳያሉ፣ ከፊልሙ በኋላም ውይይት አለ። የሰፈራችን ልጅ ናት። አባቷ ከእኔና ከኦሬል ጋር ጣውላ ፋብሪካ ሠርቷል። ኦሬል ሁሉንም ፊልሞቿን አይቷል። እኔ አንዱንም ሳልተኛ ጨርሼ አላውቅም።

"እንደገና ላያቸው እፈልጋለሁ" አለ።

"በየትኛው ዓይንህ?"

ሳቀ። ከጸደይ ወዲህ የዓይኑ መሃል ጠፍቶ ዳር ዳሩ ብቻ ነው የቀረው። ሲያናግረኝ ፊቴን ትቶ ወደ ጆሮዬ ነው የሚያየው። ይህን የምናውቀው ሚስቱ ሎሬትና እኔ ብቻ ነን። ሌላ ሰው እንዲያውቅበት አይፈልግም። "ካወቁማ መንገድ ያሻግሩኛል" ይላል።

"ሎሬት ትንገርህ" አልኩት።

"እሷ ፊልም ላይ ታንኮራፋለች። አንተ ደግሞ ወሬ አያልቅብህም። አጠገቤ ቁጭ በልና የምታየውን ሹክ በለኝ። ክሎዲን ስትመጣ ተነስቼ ስለ ሥራዋ መናገር እፈልጋለሁ። እንደ ሰው።"

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ?


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

የመጀመሪያው ፊልም። አባታቸው የሞተባቸው ሁለት ወንድማማቾች ቤቱን ሊሸጡ ይገናኛሉ። ተኳርፈዋል። አይነጋገሩም። ሾርባ ይጠጣሉ።

"አሁንስ?" ይለኛል ኦሬል።

"ሾርባ ይጠጣሉ።"

"አሁንስ?"

"ያንኑ ሾርባ።"

ታዲያ ምን ላድርግ? ፍየል አስገባሁ።

"በሩ ተከፈተ። ነጭ ፍየል ገባች።"

"ምን?"

"የጠረጴዛውን ጨርቅ እየበላች ነው። ወንድማማቾቹ ግን እንዳላዩ ሆነዋል።"

ኦሬል በዚያ ዝምታ መሃል ብቻውን ሳቀ። ከፊት ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። "ድሮ ሳየው ፍየል አልነበረም" አለኝ። ታድሶ የወጣ ቅጂ ነው፣ ያኔ ተቆርጦ የቀረውን መልሰው ጨምረውበታል አልኩት። ይህ ከየት መጣልኝ? ራሴን አደነቅሁ...

ቤቱ ሳደርሰው መንገዱን ሙሉ ያፏጭ ነበር።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 9

ኦሬል ደወለ። ስለ ፍየሏ ሲያስብ ነው ያደረው። እውነቱን ልነግረው አፌን ከፈትኩ... ስለ ዝናቡ አውርተን ዘጋን።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 15

ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ቢሆንም ልጻፈው።

ሁለተኛው ፊልም የሁለት እህትማማቾች ነው። እናታቸው ታማ ተኝታለች፣ እየተፈራረቁ ያስታምማሉ። እዚህም ብዙ ዝምታ። እኔም እንደ ልማዴ ፍየሏን አልጋው ሥር አስተኛኋት።

"እዚህም አለች?" አለ ኦሬል። ድምፁ ተለወጠ። አልሳቀም። ያኔ ማቆም ነበረብኝ።

ፊልሙ አልቆ መብራት በራ። ኖርማንድ፣ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ፣ ማይክሮፎኑን ይዛ "ማን ይጀምርልን?" አለች። ኦሬል ብድግ አለ። ክሎዲን እስክትመጣ አይናገርም ብዬ ነበር እኮ...

"ፍየሏ አባትየው ናት" ብሎ ጀመረ። "ባለፈው ፊልም ቤቱን ሊሰናበት መጣ። እዚህ ደግሞ እናትየዋን ሊወስዳት አልጋው ሥር ሆኖ ይጠብቃታል። ልጆቹ ያዩታል፣ ግን አያወሩትም። እኛም ቤት እንዲህ ነበር። አባቴ ከሞተ በኋላ ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም ነበር፣ ለምን ብሎ የጠየቀም የለም።"

እንዴት አድርጎ ተናገረው። እኔ ራሴ ፍየሏን አመንኳት።

ከኋላ አንዱ "ኦሬል፣ አንተ የትኛውን ፊልም ነው ያየኸው?" አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኖርማንድ ወደ እሱ ጠጋ ብላ፣ "አቶ ኦሬል... ፍየል እኮ የለም" አለችው፣ በቀስታ።

ወደ እኔ ዞረ። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ኮቱን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፣ ሳተው። ሁለተኛም ሳተው። በሌላ ጎኑ የተቀመጠውን ሰው የቡና ብርጭቆ ደፋ። ያኔ ሰው ሁሉ ገባው። ሳቁ ቆመ። ከሳቁ ይልቅ መቆሙ ከበደኝ። ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው ሎሬት መጥታ ክንዱን ይዛው ወጣች። እኔን አላየችኝም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ደወልኩ። ሎሬት አነሳች።

"ቀልድህን ከጉርምስናህ ጀምሮ ችለንልሃል፣ ዶና። ዛሬ ግን ስልኩን ዝጋልኝ።"

ዘጋሁ።


ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 18

የልጅ ልጄ ኖኤሚ ከሞንትሪያል ደወለች። ነገርኳት። መጀመሪያ "ፍየል?" ብላ ሳቀች፣ እኔም አብሬያት ሳቅሁ። 

"አያቴ፣ ሄደህ ይቅርታ ጠይቀሃል?"

"ሚስቱ በሩን አትከፍትልኝም።"

"ሄደህ አንኳኩተሃል ወይ?"

አላንኳኳሁም። ይህች ልጅ በማን ወጣች? በእኔ እንዳልሆነ የታወቀ ነው።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ሦስተኛውን ፊልም ብቻዬን አየሁ። አጠገቤ ያለው ወንበር ባዶ። እንቅልፍ እንኳ እምቢ አለኝ።

ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ ነው። ልጁ ወንዝ ውስጥ ሰምጦበታል። የመጀመሪያው ሰዓት አሰልቺ ነው፣ አልዋሽም። በኋላ ግን አባትየው የልጁን የዝናብ ካፖርት ከሚስማሩ አውርዶ ያጥፋል። እጅጌውን ሲያጥፍ ቀስ ይላል፣ ውስጡ ክንድ ያለ ይመስል። እንዳያመው...

ሳላስበው ወደ ባዶው ወንበር ዘንበል አልኩ። ማንን ልነግር?


ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ሄድኩ። ሎሬት በሩን ከፈተች፣ ግባ ግን አላለችኝም። ራሴው ገባሁ። ኦሬል ወጥ ቤት ተቀምጦ በዳበሳ ድንች ይልጣል።

"ይቅርታ አድርግልኝ" አልኩት። ሌላ ያዘጋጀሁት ነገር ነበረ፣ ጠፋኝ።

"ፍየሏን ወድጃት ነበር" አለ፣ ቢላውን ሳያቆም። "ጠርጥሬም ነበር። ፊልሙ ውስጥ ጃንዋሪ ነው፣ ሰው ወጥ ቤት ውስጥ ፍየል... ቂል አይደለሁም። ላምናት ስለፈለግሁ ነው ያመንኳት። ግን ተነስቼ ስናገር አጠገቤ ነበርክ፣ ዶና። ኮቴን መጎተት አቃተህ?"

"እስክትጨርስ መስማት ፈልጌ ነው። ደስ የሚል ነገር ነበር የምትናገረው።"

እውነቴን ነው። ግን እውነት ሆኖም የሚረባ አልነበረም። ድንቹን ይልጣል። እኔ ቆሜያለሁ። ከዚያ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስለ ካፖርቱ ነገርኩት። ቢላው ቆመ።

"ኮሌታውንስ?"

"ኮሌታውን በአውራ ጣቱ አቃናው።"

"ቁልፎቹን ቆለፋቸው?"

አሰብኩ። "የላይኛውን ብቻ።"

"የላይኛውን ብቻ" አለ ለራሱ። ድንቹን አስቀምጦ፣ "ክሎዲን ስትመጣ እሄዳለሁ። በትሩን ይዤ ነው የምሄደው" አለ።

ሎሬት ወንበር ላይ ቁጭ አለች። ነጩ የዓይነ ስውር በትር ከበጋ ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ሊነካው አይፈልግም ነበር። ትንሽ ቆይታ ተነሳችና ለእኔም ሳህን አቀረበች። 


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 6

አሁን ገባሁ። ሳልተኛ ልጻፍ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ኦሬል በሰው ሁሉ ፊት በትሩን ወለሉ ላይ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ገባ። አንዱ ሊረዳው ብድግ ቢል "ተቀመጥ፣ እግር አለኝ" አለው። ቦታችንን ስንይዝ ወደ ኋላ ዞሮ፣ "ይህ ሽማግሌ ይንሾካሾካል። የሚረብሸው ካለ ቦታ ይቀይር" አለ። የተነሳ የለም።

ፊልሙ ከቤተሰቧ ተቆራርጣ ስለኖረች ሴት ነው። ወደ ወንድሟ ቤት ትመለሳለች። ያየሁትን ብቻ ነገርኩት፣ አንዳች ሳልጨምር። አንድ ቦታ ላይ ምላሴን በላኝ፣ ነከስኩት። መንገዱን፣ ጫማዋን፣ ሻንጣዋን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስታዛውር፣ ሁሉንም። መጨረሻ ላይ በሩ ጋ ደረሰች። በመስኮቱ የወንድሟ ጥላ ይታያል። ልታንኳኳ እጇን አነሳች... እጇ እዚያው አየር ላይ ቀረ።

"እ?" አለኝ ኦሬል።

አልወጣልኝም።  ሴትዮዋ ቆማለች፣ ቆማለች... ሸራው ጠቆረ። አንድ ቃል አልነገርኩትም።

ክሎዲን ሰፊ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ሴት ናት። ገና ሰላም ሳትለን ኦሬል በትሩን ተደግፎ ተነሳ።  ኮቱን ያዝኩት። እጄን መታ አድርጎ አስለቀቀኝ።

"ሴትዮዋ አልገባችም" አለ። "አለመግባቷ ነው ጥሩው።"

ክሎዲን በትሩን አየች። "እንዴት አወቁ፣ አቶ ኦሬል?"

"በዚህ ሰውዬ።" በበትሩ ወደ እኔ ሲያመለክት ኖርማንድን ሊመታት ምንም አልቀረውም። "ብትገባ ኖሮ እግሯን ሳታነሳ ይነግረኝ ነበር። ዝም አለ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብረን ነን፣ እሱ ዝም ሲል ሰምቼ አላውቅም። ምን ዓይነት ነገር ቢያይ ነው አልኩ።"

ሰው ሳቀ። ዛሬ እሱም አብሮ ሳቀ።

ክሎዲን አልሳቀችም። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፣ አገጯን በመዳፏ ይዛ። እሱም ቀጠለ። ስለ ካፖርቱና ስለ ላይኛው ቁልፍ ነገራት፣ ስለ ሻንጣዋም፣ አባቷ ፋብሪካ ውስጥ ጓንቱን እንዴት ያወልቅ እንደነበርም። ግማሹን ከእኔ አፍ ነው የሰማው። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።