ሰባ ሁለት ፍሬ ሹካና ማንኪያ

ይድረስ ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሸውቂ፣ ኩዌት።

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተሃል? ወገብህ፣ እንቅልፍህ፣ ሥራህ እንዴት ነው? ሙቀቱስ ጀመረ? ጥርስህን ለሐኪም አሳየኸው ወይስ እንደ ልማድህ ራሱ እስኪወድቅ እየጠበቅከው ነው? እኛ ለአላህ ምስጋና ይግባውና በአካል ደህና ነን። እኔ ግን ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድ ቦታ አልተቀመጥኩም፤ ይህንንም ግማሹን የጻፍኩት ቆሜ ነው። ጥፋቱ ደግሞ ያንተ ነው።

ለጎጆ መውጫዬ የላክኸው የሹካና ማንኪያ ሣጥን በሰላም ደርሷል። ሰባ ሁለቱንም ፍሬ ቡፌው ውስጥ ከመስታወቱ ጀርባ አሰልፈን፣ እንደ አገሩ ደንብ የሰው እጅ እንዳይነካቸው ቆልፈንባቸው ነበር። አንተ ግን «ዕቃ የተሠራው ሊበላበት ነው፤ ጨዋ ሰው የሚበላው በዚህ ነው» ብለህ ጻፍክ። እማዬም ቃልህን እንደ አዋጅ ተቀበለችው።

ዓርብ፣ ዛሬ ዘጠኝ ቀኑ መሆኑ ነው፣ እጮኛዬ ሂልሚ እናቱን ኡም ሂልሚን ይዞ የሠርጉን ቀን ልንቆርጥ ለምሳ መጣ። የቀረበው ሆዱ በስንዴ የተሞላ እርግብና የዘንድሮ የመጀመሪያ የሙሉኺያ ቅጠል ወጥ ነው። በየሳህኑ ዙሪያ ሦስት ሹካ፣ ሁለት ቢላና ሦስት ማንኪያ ተኮለኮለ። አባባ ቢስሚላህ ብሎ ዳቦውን እንደ ድመት ጆሮ አጥፎ ሙሉኺያውን ሊጨልፍበት ሲል እማዬ በዓይኗ መለሰችው። ከዚያ ወዲያ ማን ይጀምር? እርግቡን ከበን ለቅሶ ቤት የተቀመጥን መሰልን።

ኡም ሂልሚ ትንሿን ሹካ አነሳች። እማዬ ትልቁን ስታነሳ ብታይ የሷን መልሳ አስቀመጠች። ቀጥላ በቢላ ጫን ብትለው እርግቡ ከሳህኑ ተስፈንጥሮ ጭኗ ላይ አረፈ። ማንም አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻል ነበር። «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አለች፣ አንድ ጉርሻ ሳትቀምስ። በር ላይ ስትደርስ እማዬን «እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን፤ ለልጅሽ ሹካ የሚያውቅ ቤት ፈልጊላት» ብላት ወጣች። ሂልሚም አንገቱን ደፍቶ ተከተላት። የሠርጉ ቀን ሳይቆረጥ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ሂልሚ አልመጣም፤ ወሬውም የለም። እማዬ «ባላወጣው ወንድምሽ ይቀየመኝ ነበር» እያለች ሹካዎቹን ትወለውላለች። እኔ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ነኝ።

ትናንት አልቻልኩም፤ ሄጄ የኡም ሂልሚን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ ብላት ከደጃፍ ትመልሰኛለች ብዬ የሙሉኺያ መክተፊያዋን እንድታውሰኝ ለመንኳት። መቼም ያቺን እንደ ጨረቃ የጎበጠች ባለ ሁለት እጀታ ቢላ ሴት ለባዳ እንደማታውስ ታውቃለህ።

«ባለ ሰባ ሁለቷ የኔን ዝገት ምን ልታደርጊው?» አለችኝ።

«እማማ፣ ከሰባ ሁለቱ አንዱም ሙሉኺያ አይከትፍም» አልኳት።

«እናትሽ የላትም?»

«አላት። የርስዎ ግን በስለት ትበልጣለች ሲሉ ሰማሁ።»

ይህን ያለ ሰው የለም። ቢላዋ ቅቤም አትቆርጥም። እሷም ይህን ታውቃለችና ትክ ብላ አየችኝ። ከዚያ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝና «ዓርብ ራስሽ መልሽልኝ፤ ከከተፍሽው ጋር» አለች። ሂልሚ ቤት ይኑር አይኑር አልነገረችኝም።

ስለዚህ በሚመጣው ዓርብ አባባ እርግቡን፣ እማዬ ዳቦውን፣ እኔ ድስቱን ይዘን እንሄዳለን። የሚሆነውን አላህ ያውቃል። አንተ ግን በሞትኩት፣ ለእማዬ «ሣጥኑን ቆልፊው፤ አልቀየምም» ብለህ ሁለት መስመር ጻፍላት።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስምሃለች። አባባ «ጥርሱን ያሳይ» ብሎሃል። ታናሻችን ሱሀይር ሰላም እያለች ሰዓት እንድትልክላት ትጠይቃለች። ለሂልሚ ሰላምታ ከታች አንድ መስመር ክፍት ትቻለሁ፤ ባዶውን ከደረሰህ ለምን ብለህ አትጠይቀኝ።

ዓርብ ከሰዓት፦ ሂልሚ ሰላም ብሎሃል። ወረቀቱ ዳር ላይ ያለው የቅባት አሻራ የሱ ነው፤ ላንብበው ብሎ ሲነጥቀኝ ገና እጁን አልታጠበም ነበር።

እህትህ ኒዕማት
ደመንሁር፣ ኤፕሪል 17 ቀን 1987