ያልተነቀነቀ መሰላል

ይድረስ ለማከብርዎ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ሳል ለቀቀዎ ወይስ እኛ እንዳንጨነቅ ደብቀውት ነው? የእማማስ ዓይን ተሻለው? ታናሼስ አሁንም የጫማዋን ክር ሳታስር ነው የምትሮጠው? እኔ አካሌ ደህና ነው። የቀረውንም ደህና ነው ብዬ አልዋሽዎትም።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። «አንገትሽን ደፍተሽ ፈርሚ፣ ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሦስቴ አነበብኩት። ያስቀጠረኝ አጎቴ እንደደወለልዎ ወዲያው ገባኝ፤ አንገት መድፋት የእሱ ቃል እንጂ የእርስዎ አይደለም። የነገረዎት ግን ግማሹን ነው። ሙሉውን ይስሙና ይፍረዱ።

ሥራዬ የሆስፒታሉ መድኃኒት መጋዘን ውስጥ መሆኑን ያውቃሉ። ጠዋት ጠዋት እያንዳንዱ የሕሙማን ክፍል የሚፈልገውን በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ይልክልናል። እኔ የጻፍኩት ማክሮ፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያዘው የትእዛዝ ዝርዝር፣ ሰንጠረዦቹን ተራ በተራ ከፍቶ በየሳጥኑ የሚለጠፈውን ወረቀት ያትማል። ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ የአልጋ ቁጥር፣ መድኃኒቱና መጠኑ ብቻ ነው።

ማክሮው የከፈተውን ሰንጠረዥ በእጁ እንደያዘ ያስቡት፤ ያንን እጅ ተለዋዋጭ እንለዋለን። ክፋቱ፣ ቀጣዩ ሰንጠረዥ አልከፈት ሲል እጁ ባዶ አይሆንም። የቀድሞውን እንደጨበጠ ይቀራል፤ ይዘሃል ወይ ቢሉት አዎ ይላል። ስለዚህ እኔ አስቀድሜ እጁን አስለቅቀው ነበር። ከዚያ አዲሱን እንዲይዝ አዘዋለሁ፤ መያዙንም እጠይቀዋለሁ። ካልያዘ ሥራው ቆሞ ኮምፒውተሩ ይጮኻል። ይህን ጥንቃቄ ከእርስዎ ነው የወረስኩት። ጣራ ሊመቱ ሲወጡ፣ ትናንት የወጡበትን መሰላል እንኳ ሳይነቀንቁ እግርዎን አያነሱም ነበር።

ኮምፒውተሩ በጮኸ ቁጥር ወደ ክፍሎቹ መደወል ነበረብን። ይህ የመጋዘኑን ኃላፊ አንገፈገፈው። ሰላምታ ሲሰጥ እንኳ ስለሚቸኩል ሠራተኛው በሌለበት «አሁኑኑ» ይለዋል። አንድ ጠዋት ከኋላዬ ቆሞ «ኮምፒውተርሽም እንዳንቺ ነገረኛ ነው» አለና ከወንበሬ አስነሳኝ። መፈተሻዎቹን መስመሮች በገዛ እጁ አጠፋ፤ ስህተት ቢገጥም ዝም ብሎ እንዲያልፍም አዘዘው። ወረቀቱን የምትለጥፈው፣ ሁለት ዓመት ምሳ አብሬያት የበላሁት ሴት፣ አጠገባችን ነበረች። አደጋ አለው ብዬ ተናገርኩ። ከመናገር አልፌ ግን ለበላይ አልጻፍኩም፤ ዘጠኝ ቀን ያንኑ ማክሮ አስኬድኩት። ይህ ጥፋት የእኔ ነው፤ አልክደውም።

በአሥረኛው ቀን የሕፃናት ክፍል ነርስ ሰንጠረዡን በሌላ ስም አስቀምጣ ላከች። አልተከፈተም። የማክሮው እጅ የአዋቂ ወንዶችን ሰንጠረዥ እንደጨበጠ ለሕፃናቱ ወረቀት አተመ፤ የጮኸም የለም። አልጋ ቁጥር አራት ላይ የተኛች የአራት ዓመት ልጅ የአንድ ጎልማሳ መጠን ወሰደች። ሁለት ቀን አልነቃችም። በሦስተኛው ቀን ውኃ ጠየቀች። ኮሪደሩ ላይ የቆመችውን እናቷን ቀና ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ኃላፊው እንድፈርም የሰጠኝ ወረቀት፣ መፈተሻውን ከመጀመሪያውም አልጻፍሽውም ይላል። ከፈረምኩ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ። ለጣፊዋን እንድትመሰክርልኝ ለመንኳት። ዓይኗን ከሙጫው ሳታነሳ፣ «እህቴ፣ እኔ ልጆች አሉኝ፤ አላየሁም» አለችኝ። ያቺ ልጅስ የማን ልጅ ናት?

ትናንት ወረቀቱን ገልብጬ በጀርባው ኃላፊው ያደረገውን ጻፍኩ፤ ዘጠኙን ቀንም ጨመርኩ፤ በዚያ ላይ ፈረምኩ። አንዱን ቅጂ ለኃላፊው፣ አንዱን ለልጅቷ እናት ሰጠሁ። እናቲቱ ቆማ አነበበችውና አጥፋ በጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው በሩ ላይ አስቆመኝ፤ እያፈረ ስሜ መሰረዙን ነገረኝ።

አባባ፣ ዝም አይነቅዝም ብለዋል። ዝምታው አይነቅዝ ይሆናል፤ ዝም ያለው ሰው ግን ይነቅዛል። በእኔ ላይ የተቆጣው አለቃዬ ቢሆን አልገረምም። ያንገበገበኝ እርስዎ ነዎት፤ ለገዛ እግርዎ የማያምኑትን መሰላል ለልጅዎ ሳይነቀንቁ ማቆምዎ። እኔን ጠይቀውኝ ቢሆን ኖሮ አንድ ቃል አልደብቅዎትም ነበር። ሌላ ሥራ እፈልጋለሁ፤ እስካገኝ ድረስ አልመለስም፤ አልቅሼም አልጽፍልዎትም።

ለእማማ፣ ጉልበትሽን ስማለች በሉልኝ፤ ስለ ልጅቷ ግን አይንገሯት፣ እንቅልፍ ታጣለች። ታናሼ የጫማዋን ክር ትሰር። ጎረቤታችን አናጢው የተዋሰኝን መጋዝ መልሶ ከሆነ ሰላም በሉት፤ ካልመለሰ ይቅር። ለአጎቴ የምልከው ሰላምታ የለኝም፤ ይህን ደብዳቤ ግን ጮክ ብለው ያንብቡለት።

እርስዎም በዚያ ጉልበትዎ ጣራ አይውጡ። እምቢ ብለው ከወጡም፣ እንደ ድሮው ነቅንቀው።

ልጅዎ
ከሆስፒታሉ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣ ኅዳር ፱ ቀን