የንብ ድምፅ በማሰማቴ የተያዘብኝ መታወቂያና የአያ ሰጠኝ እግር

ቀን፦ ታኅሣሥ 20 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለጎሽ ሜዳ ወረዳ ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ግልባጭ፦ ለሾላ ምንጭ ቀበሌ አስተዳደር (ነገሩን ያውቁታል፤ ቢሆንም ይድረሳቸው)

አመልካች፦ ሰውአገኝ ምንዳዬ፣ ዕድሜ 21፣ የሾላ ምንጭ ቀበሌ ነዋሪ። ሥራ፦ ለጊዜው የአያ ሰጠኝ እግር።

ጉዳዩ፦ ከቀበሌ እንዳልወጣ የተጣለብኝ እገዳ ለሕክምናው ያህል ላልቶልኝ፣ እግራቸው የተሰበረውን አያ ሰጠኝን ሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን ጎንደር ሆስፒታል ለማድረስ የይለፍ ወረቀት እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ይህን ማመልከቻ የጻፍሁት ራሴ ነኝ። አይከል ከተማ የሚቀመጡት ማመልከቻ ጸሐፊ ቢጽፉልኝ ባማረ ነበር፤ ነገር ግን እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ከቀበሌ መውጣት አለብኝ፤ ከቀበሌ ለመውጣት ደግሞ ይህ ማመልከቻ መልስ ማግኘት አለበት። ስለዚህ «ክቡር ሆይ» የሚለውን እናቴ እታገኘሁ ስለ መሬት ድንበር ካስጻፈችው አሮጌ ማመልከቻ ላይ ገለበጥሁት፤ የቀረው የራሴ ነው። ትምህርቴን ያቋረጥሁት ከስምንተኛ ክፍል ነውና ስሕተት ቢያገኙ የስምንተኛ ክፍል ስሕተት ነው ብለው ይለፉኝ።

1. ድርጊቱን አልክድም። ኅዳር 15 ቀን ሰኞ የአያ ሰጠኝን ጤፍ ለማጨድ ደቦ ተጠርቶ ነበር። ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት ድሮን በሰማያችን መዞር ከጀመረ ወዲህ እኛ ዘንድ ሰው ተሰብስቦ አይታይም። ሠርግ ያለ ዳስ ሆኗል። ለቅሶ የምንደርሰው አራት አራት እየሆንን ነው። የታጠበ ነጠላ እንኳ ሜዳ ላይ አይሰጣም፤ ከላይ ነጭ ይታያል ይባላል። አጨዳም በየግል ሆነ። የአያ ሰጠኝ ጤፍ ግን መርገፍ ጀመረ፤ ልጅ የላቸውም፤ ባለቤታቸው እማማ የትነበርሽ ዐይናቸው ፈዝዟል። «አንድ ቀን ነው፣ እግዜር ይጠብቀናል» ተባለና አሥራ ስምንት ሰው በአንድ ማሳ ወጣን።

2. ደቦ ያለ ዘፈን አይተው ያውቃሉ? የዚያን ዕለት የሚዘፍን አልነበረም። ሁሉም አንድ ጭብጥ ያጭዳል፣ ሰማይ ያያል፤ አንድ ጭብጥ ያጭዳል፣ ሰማይ ያያል። እንደ ዶሮ ውኃ ስንጠጣ ዋልን ማለት ነው። ጓደኛዬ አላምረው አንድ ክረምት አዘዞ ቀን ሥራ ስለሠራ አዋቂ ሆኗል፤ «እኔ በድምፁ ብቻ ዓይነቱን እለያለሁ፤ ስንት ሰዓት አየር ላይ እንደቆየም እነግራችኋለሁ» ይላል። አያ ሰጠኝ ቀና ሳይሉ «እንግዲያ ምሳ በልቶ እንደሆን ጠይቅልን፤ ካልበላ ከኛ ጋር ይቅመስ» አሉት። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሣቀ። ያቺ ሣቅ ናት እኔን ያጠፋችኝ። ሣቅ ስሰማ ደግሞ መጨመር እወዳለሁ።

3. ከደቦው ሦስት ቀን በፊት ስልኬን በአያ ሰጠኝ የንብ ቀፎ አፍ ላይ አስጠግቼ የንቦቹን ድምፅ ቀድቼ ነበር። ስልኩ ላይ ፍጥነቱን ዝግ አድርጌ ሳጫውተው የዚያን ነገር ድምፅ ቁርጥ አወጣ። እኔው ራሴ «አቤት ሸጋ!» አልሁ። እንግዲህ ዳቦ የምታክለውን ስፒከሬን ነዶ ሥር ደብቄ፣ አላምረው ዓይነቱን ሲተነትን ከፈትሁት። ያሰብሁት አላምረው ብቻ ደንግጦ ማጭዱን ሲጥል ልናይ ነው።

4. አሥራ ስምንት ሰው ሮጠ። አላምረው ዓይነቱን ሳይለይ ከፊት ነበር። ክቡር ሆይ፣ እኔም ሮጥሁ። ድምፁን የከፈትሁት እኔ፣ መዝጊያው በኪሴ፤ ሰው ሁሉ ሲሮጥ ግን «ምናልባት እውነተኛውም መጥቶ ይሆናል» አልሁና እግሬ እኔን ሳያማክር ተነሣ። አያ ሰጠኝ እርከኑን ሲዘልሉ ወድቀው ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተሰበረ። እንደዚህ ነው፤ ሰውየው ከገዛ ንባቸው ሸሽተው ተሰበሩ።

5. በሁለተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌ ሲቀመጥ ድሮ በአንድ ዛፍ ጥላ ነው፤ አሁን መሰብሰብ ስለሚያስፈራ ሁለት ሁለት ሆነው በሦስት ዛፍ ሥር ተቀምጠው፣ ፍርዱን ከዛፍ ወደ ዛፍ እየተጯጯሁ ሰጡ። ስለዚህ ፍርዴን ያልሰማ የቀበሌ ሰው የለም። አያ ሰጠኝ «ካሳ አልበላም፤ እግሬን ነው የምፈልገው» አሉ። ሰብሳቢው መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ከመካከለኛው ዛፍ ሥር ተነሥተው «ሰውአገኝ፣ እግሩ ድኖ በገዛ እግሩ ቤተ ክርስቲያን እስኪስም ድረስ እግሩ አንተ ነህ። ጥለኸው ብታድር ውጉዝ!» ብለው ገዘቱኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጤፋቸውን አጭጃለሁ፤ ከብታቸውን አጠጣለሁ፤ እሳቸውን ደግሞ በጀርባዬ ወዳሉኝ አደርሳለሁ። ወዳሉኝ ስል ብዙ ነው የሚሉኝ። ቀበሌው ውስጥ ለሃያ ዓመት ያልጠየቁት ዘመድ ሁሉ አሁን ናፍቋቸዋል።

6. ይህ ፍርድ በተሰጠ ማግስት የጽሕፈት ቤትዎ ሰዎች መጥተው ቃሌን ተቀበሉና መታወቂያዬን፣ ስልኬንና ስፒከሬን ወሰዱ። በተሰጠኝ ወረቀት ላይ ስፒከሬ «ለድሮን መቆጣጠሪያ ሊያገለግል የሚችል መሣሪያ፣ አንድ» ተብሎ ተመዝግቧል። በእውነቱ ኮራሁ። ነገር ግን ይህ መሣሪያ አዘዞ ገበያ ሸራ ላይ ተዘርግቶ ከነበረ ዕቃ የተገዛ ነው፤ በፀሐይ ስለሚሞላ ደመና ሲያይ ድምፁ የሚዘጋ ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ከቀበሌ እንዳልወጣ፣ ሰኞና ሐሙስም ቀበሌው ዘንድ እየቀረብሁ እንድፈርም ታዘዝሁ። አያ ሰጠኝን ተሸክሜ እየሄድሁ አንድም ቀን ሳልቀር ፈርሜአለሁ። ማጣራቱ ግን እስከ ዛሬ አልተጀመረም። ለማጣራት ቢፈልጉ ስልኬን ይዘው ወደ ቀፎው መምጣት ነው፤ ድምፁን ከድምፁ ማስተያየት ነው። ግብረ አበር ከተፈለገም ንቦቹ እዚያው አሉ፤ አይሸሹም።

7. ከሁሉ የጎዳኝ ፎቶው ነው። ዕቃዬን ሲወስዱ አንደኛው «ስፒከሩን ያዝና ቁም» ብሎ ፎቶ አነሣኝ። እኔ ፎቶ ስነሣ የሠርግ ይመስለኛል፤ ሁለት ጣቴን አንሥቼ ጥርሴን አሳየሁ። ፎቶው በዚያው ዕለት በቴሌግራም ለየኬላው ተላከ፤ ከሥሩ «የድሮን ባለሙያ፣ ይፈለጋል» ይላል። ቀበሌ ውስጥ በሳምንት ሁለት ቀን የምፈርም ሰው ለምን እንደምፈለግ አልገባኝም። ፎቶው ዞሮ ዞሮ ጫካ ላሉትም ደረሰ። እነሱ ደግሞ «ለድሮን የሚጠቁም» ነው ያሉኝ፤ በአላምረው ስልክ «በቀጭኑ የእግር መንገድ እንዳናገኘው» የሚል መልእክት ላኩልኝ። ሁለቱ ወገን የተስማሙበት ነገር ቢኖር እኔ ነኝ።

8. የአያ ሰጠኝን እግር መጀመሪያ ያሰረው ወጌሻ ነበር፤ ጠሞ ያዘ። ጤና ጣቢያ ያዩት «ጎንደር ተከፍቶ ብረት ሊገባለት ይገባል፤ ከቆየ ጠማማው እንደ ጠመመ ይጠናል» አሉ። ለታኅሣሥ 8 ቀን ቀጠሮ ተያዘ። በዚያ ቀን እንድወጣ ማን በቃሉ እንደፈቀደልኝ አልጽፍም፤ ሰውየው ግልባጩ ይደርሳቸዋል። በሚኒባስ ከኋላ ወንበር አስተኝቼ፣ እግራቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ አዘዞ መግቢያ ካለው ኬላ ደረስን። ፈታሹ ወጣት ነው፤ ስልኩን አየ፣ እኔን አየ፣ ስልኩን አየ።

«አንተ ነህ?» አለኝ።

«ነኝ፤ ያኔ ጠጉሬ ተስተካክሎ ነበር» አልሁት። ይህንን ባልል ይሻል ነበር።

አያ ሰጠኝ ከተኙበት «ልጄ፣ እኔን ያሳደዱኝ የገዛ ንቦቼ ናቸው። እሱን ልቀቀውና ከፈለግህ ንቦቼን እሰራቸው» አሉት። ፈታሹ ሣቁ መጣበት፤ ግን ዋጠው። «አባባ፣ እርስዎ ይለፉ። እሱ ይመለስ። እኔ ፎቶውን እያየሁ ባሳልፈው ነገ የኔ ፎቶ ነው የሚለጠፈው» አለ። እውነቱን ነው፤ አልቀየምሁትም። አያ ሰጠኝ ግን «እግሬን ኬላ ላይ ጥዬ በምኔ ልሂድ?» አሉና ሁለታችንም ተመለስን። ቀጠሮው አለፈ።

9. «ሌላ ሰው ይውሰዳቸው» ይሉ ይሆናል። አላምረውን ለመንሁት፤ «ከአንተ ጋር የታየ ሰው ፎቶው አጠገብህ ይለጠፋል» አለኝ። የሌሎቹም መልስ ከዚህ አይርቅም። እሳቸውም ከእኔ በቀር በማንም ጀርባ አልወጣም ብለዋል፤ ግዝቱን አከብራለሁ ይላሉ፤ እኔ እንደምጠረጥረው ግን ጀርባዬን ለምደውታል። አሁን ሁለተኛው ቀጠሮ ሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን ነው። ይህ ካለፈ እግሩ እንደ ጠመመ ይቀራል፤ ከእንግዲህ ሞፈር አይዙም። እግሩ ካልዳነ ደግሞ የእኔ ፍርድ አያልቅም። ወረዳው ከቀበሌ አትውጣ ብሎኛል፤ ግዝቱ ከሰውየው አትለይ ብሎኛል፤ በመኪና መንገድ ኬላው አለ፤ በቀጭኑ መንገድ እነዚያ አሉ። በአራት በኩል ታጥሬያለሁ፤ የቀረው ወደ ላይ ነው፤ ወደ ላይ ደግሞ ክቡርነትዎ የሚያውቁት አለ።

10. ይህ ተራ ቁጥር ለጉዳዩ አያስፈልግ ይሆናል፤ ግን ቃሌን ሲቀበሉኝ ማንም ስላልጠየቀኝ አሁን እጽፈዋለሁ። ኅዳር 15 ቀን ስሮጥ አያ ሰጠኝ ከፊቴ ነው የወደቁት። እጃቸውን ዘረጉልኝ። አየሁት። በላያቸው ዘልዬ አለፍሁ። ስፒከሩ የእኔ መሆኑን አምኛለሁ፣ ንቡንም አምኛለሁ፤ ይህን ግን ለሽማግሌ አልተናገርሁም፣ ለእናቴም አልነገርሁም። እሳቸውም አልተናገሩም፤ በግርግሩ ያላወቁኝ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ታኅሣሥ 16 ቀን ዐውድማ ላይ ነበርን። ረፋዱ ላይ ድምፁ መጣ። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ያየው ሰማዩን አልነበረም፤ እኔን ነው። ሁለት እጄን ከፍቼ አሳየሁ። ስልኬ እናንተ ዘንድ ነው፣ ስፒከሬ እናንተ ዘንድ ነው። ይህን ሲያዩ ነው የሮጡት፤ ከእኔ የተነሣ መሮጥ ከሚገባቸው ዘግይተው ሮጡ። ዐውድማው ላይ በሬዎቹ፣ አያ ሰጠኝና እኔ ቀረን። እሳቸው ገለባው ላይ በርኖሳቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል።

«ምነው ቆምህ? ሩጥ እንጂ!» አሉኝ።

አጠገባቸው ተቀመጥሁ። «እግርዎ አይደለሁ? እግር ሰውየውን ትቶ ለብቻው የት ይሮጣል?» አልኋቸው።

ወደ ሰማይ እያዩ «የዚያን ዕለትስ በላዬ ዘሎ ቀድሞኝ ነበር» አሉ።

ድምፁ ሁለት ጊዜ ዞረና ወደ ሰሜን ሄደ። እኔ በሕይወቴ መቀለጃ ያጣሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

11. ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው ይህን ነው። ሰኞ ታኅሣሥ 27 ቀን ከእሳቸው ጋር ጎንደር ደርሼ፣ ሐኪም እስኪለቃቸው አስታምሜ እንድመለስ የይለፍ ወረቀት ማኅተም ተደርጎበት ይሰጠኝ። ያለ ጠባቂ አይሆንም ከተባለ አንድ ሚሊሻ ይታዘዝልኝ፤ በደስታ እቀበላለሁ፤ ሽቅብ ሽቅቡን እየተፈራረቅን እንሸከማቸዋለን። ፎቶዬ በተላከበት በዚያው ቴሌግራም «ይህ ሰው በሽተኛ ይዟልና ይለፍ» የሚል ይላክልኝ፤ ወረቀት ብቻውን ፎቶን አያሸንፍም። የይለፉ ወረቀት ሌላ ፎቶ የሚፈልግ ከሆነ ሳልሥቅ እነሣለሁ።

ስልኬንና ስፒከሬን በዚህ ማመልከቻ አልጠየቅሁም። ይቀመጡ። ቅጣቴም ካለ ከሆስፒታል መልስ ይድረሰኝ፤ የት እንደምገኝ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ።

መልስ ቢዘገይም ሰኞ በጠዋት አያ ሰጠኝን በጀርባዬ ይዤ አዘዞ ኬላ እገኛለሁ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ሊያመልጥ ነው እንዳይባል ነው። ወረቀቱ ቀድሞን ከደረሰ እናልፋለን። ካልደረሰ እዚያው እንቆማለን፤ ከላይ ድምፅ ቢመጣም እኔ ከሥራቸው አልነቃነቅም።

ካለሁበት ሳልነቃነቅ፣ ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ሰውአገኝ ምንዳዬ
(ፊርማ)

ማመልከቻው ሲነበብ ሰምቼ፣ ተራ ቁጥር 10ንም ሰምቼ፣ እውነት ነው ብያለሁ።
ሰጠኝ አንዱዓለም
(የጣት አሻራ)