የግንቡ ደፍ ድንጋይ

ባሕር ዳር፣ ሹም አቦ
ጥር 24 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለውዷ ባለቤቴ ለወለተ ኪዳን፤

ድምፅሽን ከሰማሁ አራት ወር ሞላኝ። ሳልሽስ ተወሽ? እኔ ደህና ነኝ። ሱቁም ደህና ነው፤ ጠፍቶ የሰነበተው ጨው ባለፈው ሳምንት ገባ።

ቅዳሜ ያንን ድንጋይ እናንተ ድረስ ይዤ መምጣቴን አባትሽ ሳይነግሩሽ አይቀሩም። ያነሣሁት አምና ጌሾ ልጭን ወደ እናንተ አገር ስሻገር፣ ግንቡ አጠገብ ካለው ከፈረሰው ካቴድራል ደጃፍ ነበር። የድሮው ንጉሥ ግንብ ጣራው ወድቋል፣ ካቴድራሉ ውስጥ ሾላ በቅሏል፤ ታቦት የለው፣ ባለቤት የለው ብዬ ለቤታችን ደፍ አደረግሁት። አንቺ ጫማሽን እያወለቅሽ ትሻገሪው ጀመርሽ።

«ቤታችንን ደብር አደረግሽው እኮ!» ብዬ ሳቅሁብሽ።

ከዚያ ወዲያ በጓሮ በር ብቻ ትገቢ ነበር። በመስከረም ወደ አባትሽ ቤት ስትሄጂም «ትንሽ ልረፍ» ብቻ አልሽኝ። ከሄድሽ በኋላ የዕለት ማስታወሻዬን ባገላብጥ ሁሉንም ጽፌዋለሁ፤ «ዛሬም በጓሮ ገባች» እያልሁ፣ ቀኑን ከነሰዓቱ። ለምን ብዬ ግን አንድ ቀን አልጠየቅሁሽም።

ድንጋዩን በጀልባ ለመጫን ቀበሌ የይለፍ ወረቀት ብጠይቅ፣ ጸሐፊው ሣህሉ «አያ አዘዘ፣ ሰው ከግንብ ድንጋይ ያመጣል እንጂ ወደ ግንብ ይወስዳል? ምን ብዬ ልጻፍ?» አለኝ።

«ተመላሽ ዕቃ በለው።»

እየሳቀ ማኅተሙን መታልኝ።

አባትሽ መሪጌታ ገብረ መስቀል በመቋሚያቸው ቦታውን አሳዩኝ። «ታቦት ስለሌለው ተራ ድንጋይ መስሎኝ ነው» ብላቸው፣ «ታቦቱ ቢወጣ የተሳለመው ሰው ሁሉ ከንፈር አብሮ ይወጣል?» አሉኝ። የድንጋዩ ጠርዝ ጎድጎድ ማለቱን አይተሽዋል። በእግር ያለቀ ይመስለኝ ነበር። ጎንበስ ብዬ ተሳለምሁት።

ስመለስ ነጠላሽ የአባትሽ ቤት አጥር ላይ ተዘርግቶ አየሁ፤ አልጠራሁሽም። ድንጋይ መልሼ ሚስት ስጡኝ ያልሁ እንዳይመስል ፈራሁ። በሁሉ ነገር ዋጋ የምከራከር ሰው ነኝ፣ ይህን ግን ገበያ ላወጣው አልቻልሁም።

ደጃፋችን አሁን አፈር ብቻ ነው። ነዪ ብዬ አላስቸግርሽም። ጀልባው ከናንተ ዘንድ እሑድ እሑድ ይመጣል። እኔ እንደሆንሁ እሑድ ወደብ ላይ ሥራ አላጣም።

ድንግል ማርያም ሳልሽን ታቅልልሽ፤ ለአባትሽም ዕድሜ ትጨምርልኝ።

ያንቺው
አዘዘ