በወጣበት በር ይግባ

ግንቦት ፲፮፣ ኪዳነ ምሕረት

ዛሬም ለበሽተኛው የሚጸልዩት ቄስ አንድ መስመር ዘለሉ። ይኸው ሦስት ቀናቸው፤ ጸሎት ሲደግሙ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርሱ ያልፏታል። እኔ ምላሴን ነክሼ ዝም። እዚህ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለሚታጠበው በሽተኛ ሁሉ ፊደል ያልቆጠርኩ የደምቢያ ገበሬ ነኝ፣ ጉልበቴን አሞኝ የመጣሁ። ከአገር የተባረርኩ ደብተራ መሆኔን የምታውቀው እህቴ ውድነሽ ብቻ ናት። ይህን የምጽፈው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸጉጬ በብራና ቁራጭ ላይ ነው። ሰው ካየው አለቀልኝ።

መምህራችን በሃይማኖት ክርክር ስለተረቱ ጃንሆይ እሳቸውንም እኛን ደቀ መዛሙርታቸውንም አባረሩን፣ ከመተማ ማዶ ቱርክ ወደሚገዛው አገር። ተመልሶ የተገኘ እጅና እግሩ ይቆረጥ ተብሎ ታወጀ። ይኸው ስድስት ዓመት። መምህሬን እዚያው ቀብሬያቸዋለሁ። እናቴ መታመሟን ስሰማ አልቻልኩም፣ ሹልክ ብዬ ገባሁ። ቤቷ ከዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ነው። የዚያ መንደር ሰው ሁሉ ግን መልኬን ያውቃል።

ግንቦት ፲፯

ውድነሽ ደብረ ታቦር ናት። ከንጉሡ ሰፈር ትይዩ ጉብታ ላይ ቆማ ጎህ ሲቀድ ጀምሮ “ጃንሆይ! አቤት!” እያለች ትጮኻለች። አቤቱታ ያለው ሁሉ እንዲህ ነው፤ እስኪጠሩት ይጮኻል። ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነው። የምትናገረውን ያስጠናኋት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ከመተማ ማዶ በስደት አለ፣ ምሕረት ካገኘ ይመጣል ትላለች። እዚህ መሆኔ ከታወቀማ የምን ምሕረት። በብልሃቴ ትንሽ ኮርቻለሁ፣ አልዋሽም።

ለሰበብ የያዝኩት የጉልበት ሕመም ለካ እውነት ኖሯል። ከታጠብኩበት ወዲህ ቀለል አለኝ።

ግንቦት ፲፰

ዝናብ ጣለ። ገበሬዎቹ ደስ አላቸው፤ እኔን ከፋኝ፣ ምክንያቱን አላውቅም።

ደግሞ ሌላ ጣጣ። ቄሱ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡና “አንተ ልጅ፣ እኔ ስደግም ከንፈርህ ይንቀሳቀሳል” አሉኝ። ቤተ ክርስቲያን ስቆም የሰማሁት ነው አባ፣ አልኳቸው። አተኩረው አዩኝና ተነሥተው ሄዱ። ልሽሽ? ብሸሽ ውድነሽ የት ታገኘኛለች? የቀጠርኳት ቦታ ላይ ብታጣኝ ልቧ ይሰበራል።

ግንቦት ፲፱፣ ገብርኤል

ሊይዘኝ የመጣ የለም። ቄሱም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ከጋፋት እጁ የተቃጠለ ሰው መጣ። ፈረንጆቹ ብረት ከሚያቀልጡበት ከሰል ሲያመላልስ ነው የተቃጠለው። ወሬ ይዟል። ደብረ ታቦር ጉብታው ላይ አንዲት ሴት ስትጮኽ ከርማ ድምጿ ተዘጋ፣ አሁን ነጠላዋን እያውለበለበች ቆማለች አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እንዳይነቃብኝ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። እዚያ ፊቱ ያልረጠበ የለም።

ግንቦት ፳

ውድነሽ መጣች። ጠርተዋታል! “ማሩህ ወንድምዓለም፣ ጃንሆይ ማሩህ” አለችኝ በጆሮዬ። ድምፅ የሚባል የላትም፣ ትንፋሽ ብቻ ነው። እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ያዘችኝ። “ቆይ፣ አልጨረስኩም።”

ቃሉ እንዲህ ነው። በወጣበት በር ይግባ። ለመተማ በር ጠባቂው ሹም ተልኮለታል፤ ስሜን ጠይቆ፣ መልኬን አይቶ ያስገባኛል። በሌላ በኩል የተገኘሁ እንደሆነ አዋጁ እንደ አዋጅነቱ ነው።

እስከ መተማ አሥራ ሁለት ቀን ነው። እስክደርስ ሰኔ ይገባል። ከዚያ ወንዙ ይሞላል፣ ቆላውን ንዳድ ይይዘዋል፤ ክረምቱ ሳይወጣ የሚሻገር ሰው የለም። ስለዚህ ምሕረት አግኝቼ ከአገሬ ልወጣ ነው። ደግሞ ማንንም አልወቅስም። ውድነሽ ያስጠናኋትን አንድ ቃል አልሳተችም።

“እዚህ ነው ያለው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ፈራሁ” አለችኝ። ደግ አደረግሽ አልኳት። ስለ እናታችን ጠየቅኋት። ከመንደራችን የመጣ ሰው ነግሯታል፤ እህል ካፏ ከገባ አምስት ቀን ሆኗታል፣ ውሃ ብቻ ነው የምትቀምሰው።

ግንቦት ፳፩፣ ማርያም

ሲነጋ ወደ እናቴ ቤት ልሄድ ተነሥቼ ነበር። የመጣው ይምጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ፊቷን ልየው ብዬ። ትንሽ ከሄድኩ በኋላ ቆምኩ። ብያዝ ንጉሡ ፊት የዋሸችው ውድነሽ ናት። እኔስ እጄን ልስጥ፤ የእሷን እጅ በምን ልቤ ልስጥ? ተመለስኩ።

ስንቄን ስቋጥር ቄሱ ይደግማሉ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርሱ አሁንም ዘለሏት። ከዚህ በኋላ ምን እፈራለሁ ብዬ የቀረችውን በቃሌ አልኳት፣ መምህሬ እንዳስተማሩኝ አድርጌ። ቄሱ መጽሐፋቸውን ዘጉ። ለካ ሊፈትኑኝ ሆን ብለው ነበር የሚዘሏት።

“እንግዲህ ነገሩን ንገረኝ” አሉኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እሳቸው ዛሬውኑ እናቴ ዘንድ ሄደው ሊደግሙላት ነው። ምን ልበላት ሲሉኝ፣ “ምሕረት አግኝቷል፣ ክረምቱ ሲወጣ ይመጣል ይበሏት” አልኩ።

ውድነሽ የቄሱን ልብስ ጨበጥ አደረገች። “አባ፣ ክረምቱን አይንገሯት።”

እሳቸውና ውድነሽ ወደ እናቴ ቤት ሽቅብ ወጡ፣ እኔ ወደ ቆላው ልወርድ ነው። ጉልበቴ ድኗል፤ እስከ መተማ ያደርሰኛል።