በላቀው ስም

ፍኖተ ሰላም፣ ሐምሌ 9 ቀን 2000 ዓ.ም.

ይድረስ ለእታለም፤

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ እንደምን ናቸው? የቡሬ ዝናብ እንዴት አድርጓችኋል? የእናታችን ወገብ ተሻላት ወይስ እንደዚያው ነው? እኔም እንደ ደንቡ «እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ብዕሬ አልሄድ አለኝ። በዚህ ቃል ሁለት ወር ሙሉ ስትሸነግሉኝ ስለከረማችሁ አሁን ለራሴ ስናገረው እንኳ አላምነውም። ስለዚህ ደህና አይደለሁም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ አክስቴ ዓባይነሽ የላኩኝ ቦታ እሄዳለሁ፤ ሌላው ይቆየን።

የላክሽው ወረቀት ማክሰኞ ደርሶኛል። ቤሩት ላለችው እህታችን ለንግሥቴ፣ ወንድማችን ላቀው በሕይወት እንዳለ አድርጌ በእሱ ስም ደብዳቤ እንድጽፍላት ለምነሽኛል። ኮንትራቷ ጥቅምት ላይ ያልቃል፤ እስከዚያ በሰው አገር ብቻዋን መርዶ አትስማ ብለሻል። በየደብዳቤዋ ላቀው ስለ እግሩ ምን ወሰነ እያለች ትጠይቃለች ብለሻል። ለምን አንቺ ራስሽ እንደማትጽፊላትም ነግረሽኛል፤ «እጄ እምቢ አለኝ» ብለሽ። ለዚህ መልሴን ከመጨረሻው ታገኚዋለሽ። አስቀድሜ ግን እኔን ያደረግሽኝን ልንገርሽ፤ በላቀው የሰማንያ ቀን ተዝካር ሰው ፊት ከአፌ አልወጣልኝ አለ።

ላቀው የበርበሬ ጆንያ ተሸክሞ ከጭነት መኪና ላይ ከወደቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ወገቡን ተቀዶ አጥንቱ ገጠመ። ግራ እግሩ ግን ከዚያ ወዲያ የእሱ መሆኑ ቀረ። ሐኪሞቹ የነርቭ ሕመም ነው አሉት። እሱ «ያን ጆንያ በርበሬ እግሬ ውስጥ ገልብጠው የሰፉብኝ ይመስለኛል» ይል ነበር። አንሶላ ሲነካው እንዴት እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከአንቺ ቤት ነበር የተኛው። እግሩ ላይ ዝንብ እንዳያርፍ ልጆችሽ በተራ ሲያባርሩ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ደብዳቤው መጋቢት 16 ደረሰኝ። ከሦስተኛ ክፍል ስላቋረጠ እንደ ሁልጊዜው እሱ እየተናገረ አንቺ ጽፈሽለታል። በቃሌ ይዤዋለሁ። «የኔታ፣ እንደምነህ» ይላል፤ ተማሪ ስለሆንኩ እንደዚያ እያለ ያሾፍብኝ የለ? «አዲስ አበባ ከውጭ የመጡ ሐኪሞች አይተውኛል። እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ በጀርባዬ አስገብተው ከአከርካሪዬ አጠገብ ያኖሩታል። ባትሪውን ደግሞ ከዳሌዬ በላይ ከቆዳዬ ሥር ይቀብሩታል። ትንሽ ትንሽ ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመሙን መንገድ ያሳስተዋል ይላሉ። መጀመሪያ ለአንድ ሳምንት ባትሪው ከውጭ ሆኖ ይሞከራል። ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ይቀበራል፤ ካልቀነሰ ሽቦው ተስቦ ይወጣል። ነርቩን አያድነውም። ባትሪውም ከዓመታት በኋላ ሲያልቅ እንደገና መቀደድ አለ። ሰኔ ላይ ይመለሳሉ፤ እስከ ፋሲካ አስቤ እሺ ወይም እንቢ እንድላቸው ነግረውኛል። አጎታችን ምስክር በሰው ገላ ውስጥ የባትሪ ድንጋይ የት አገር ታይቶ ይላሉ። እናታችን ታለቅሳለች። እህትህ ዝም ብላለች። የተማርከው አንተ ነህ፤ አስገባ ካልከኝ አስገባለሁ፣ ተው ካልከኝ እተዋለሁ። ደግሞ ጠይቅልኝ፤ ቡሬ መብራት ሲጠፋ እግሬም አብሮ ይጠፋል?»

የባዮሎጂ መምህራችንን መምህር አሸናፊን ጠየቅኋቸው። መጽሐፍ ላይ እንጂ በዓይናቸው አይተውት እንደማያውቁ ነገሩኝ። ከዚያ ክርንህን ግድግዳ ሲመታህ ቀድመህ ምን ታደርጋለህ አሉኝ። አሸዋለሁ አልኳቸው። ማሸቱ ሕመሙን ቀድሞት አንጎል ስለሚደርስ ነው ቀለል የሚልህ፤ ይሄም እንደዚያ ነው፣ ሳይታክት የሚያሽ እጅ ማለት ነው አሉኝ። ቁስሉ ሊያመረቅዝ እንደሚችል፣ ሽቦውም ከቦታው ሊንሸራተት እንደሚችል አልደበቁኝም። የአንድ ሳምንቱ ሙከራ ግን ብዙ የሚያስከፍለው ነገር የለም አሉ። ባትሪው የራሱ ነው፣ የቡሬን መብራት አይጠብቅም ብለውም ሳቁ።

ቅዳሜ ሚያዝያ 11 አራት ገጽ ጽፌ፣ ስዕል ስዬበት፣ «ሞክረው» ብዬ ለሙንዲር ሰጠሁት። የቡሬው ሚኒባስ ረዳት እሱ ነው። በማግስቱ ሲመለስ፣ እህትህ ወረቀቱን ስታይ አለቀሰች፣ ምን ብትጽፍላት ነው አለኝ። ደስ ብሏት ነው አልኩት። አየሽ፣ ያን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከዚያ ሁለተኛው ደብዳቤ መጣ። «የኔታ፣ መልስህ በሰዓቱ ደረሰኝ፤ ልቤ ዐረፈ። አንድ ነገር ብቻ ጨነቀኝ። ክረምት ላይ መብረቅ ሲጥል ሽቦውን አሽትቶ ከሰው ሁሉ እኔን ያስቀድም ይሆን?» ይላል። ይሄን ጥያቄ ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ጠየቅሁት፤ ሰባ ተማሪ ሳቀብኝ። መምህር አሸናፊ አልሳቁም። መብረቅ ረጅም ዛፍ እንጂ በሰው ገላ ውስጥ ያለ ክር አይፈልግም፤ ለወንድምህ ዝናብ ሲመጣ ከዛፍ ሥር አትጠለል በለው አሉኝ። እኔም ጻፍኩለት። ዛሬ ሳስበው መብረቅ ሲያብለጨልጭ አልጋ ሥር የምትገቢው አንቺ ነሽ። ላቀውማ ደጅ ወጥቶ በዝናብ የሚታጠብ ሰው ነበር።

ሦስተኛው ግንቦት አጋማሽ ላይ መጣ። «ወስኛለሁ። ሰኔ ላይ እገባለሁ። አንተ ፈተናህን ጨርስና አብረኸኝ አዲስ አበባ ትሄዳለህ» ይላል። ይሄን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ ስለያዘኝ ነው አሥረኛ ክፍልን በወጉ የተፈተንኩት።

አንቺ ብቻ ብትሆኚ ይቀለኝ ነበር። አገሩ ሁሉ ነው የተማከረብኝ። ገበያ ቀን አጎታችን ምስክርን ራሳቸውን ተላጭተው አገኘኋቸው። ምነው አባባ ብላቸው፣ ሙቀት ነው ልጄ፣ ሰው ሲያረጅ ፀጉርም ይከብደዋል አሉኝ። ላቀውስ አልኳቸው። ተመስገን፣ አሁንማ እግሩን አያመውም አሉና ፊታቸውን ወደ ጤፍ ተራው አዞሩ። እኔ ሞኙ ደስ ብሎኝ እየዘለልኩ ቤት ገባሁ፤ ለአክስቴም ነገርኳቸው። አክስቴ ጥቁር ለብሰው ነበር፤ የጎረቤት ሐዘን ነው ብለውኛል። ወሬዬን ሳልጨርስ ጭሱ ዓይኔን አጠፋው ብለው ወጡ። ምድጃው ግን አልነደደም ነበር።

ፈተናው ባለቀ ማግስት ጎህ ሲቀድ አንቺ፣ አጎታችን ምስክርና ከአገር ቤት ጎረቤታችን እማዋይሽ መጣችሁ። እኔ አዲስ አበባ ልትወስዱኝ የመጣችሁ መሰለኝ። ሸሚዜን በፌስታል ጠቅልዬ ወጣሁና ላቀው መኪናው ውስጥ ነው ወይ አልኩ። አጎታችን ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ረቡዕ ሚያዝያ 8 ጠዋት ከአልጋው ልነሣ ሲል ደረቱን ይዞ ወደቀ አላችሁኝ። ብዙ ስለተኛ እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ሳንባው ገብቶ ነው ብሏል ሐኪሙ። ቀብሩ አለፈኝ። አርባው አለፈኝ። ሰማንያው ላይ ስመጣ እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችሁ ነበር። እኔ ስጀምር ሰዎቹ ስለ ክረምቱ እርሻና ዘር ያወሩ ነበር።

ለፈተናህ ብለን ነው ትይኛለሽ። አውቃለሁ፣ ሁሉም ቤት እንደዚህ ያደርጋል፤ የታንጉትን ልጅም አባቱ ሲሞት እንደዚሁ አድርገውታል። መደበቃችሁን ልታገሠው እችል ይሆናል። የማልታገሥሽ «መልስህ በሰዓቱ ደረሰኝ» ያልሽውን ነው። እታለም፣ ረቡዕ ሞቶ ቅዳሜ ነው የጻፍኩት። አንቺ ይሄን ታውቂያለሽ፤ ወረቀቱን የተቀበልሽው ለቅሶ ላይ ተቀምጠሽ ነው።

እኔም ያልነገርኩሽ አለኝ። መምህር አሸናፊ ያስረዱኝ መጋቢት 20 ነው። መልሱን ያን ቀን አውቄዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሳምንት የእሱን ደብዳቤ ባዮሎጂ መጽሐፌ ውስጥ ከትቼ ተቀመጥኩ። አስገባ ብዬው አንድ ነገር ቢሆን በእኔ ነው ብዬ ፈራሁ። ተው ብዬው ዕድሜውን ሙሉ እንዲጮህ ማድረግም ፈራሁ። ሐኪሞቹ ሰኔ ላይ ስለሚመጡ ቶሎ ብመልስለትም ላተርፈው አልችልም ነበር፤ ይሄን አስልቼዋለሁ። ግን እየጠበቀኝ ነው የሞተው። ሁለት ወር ሙሉ በሰዓቱ የደረስኩ መስሎኝ ስስቅ አኖርሽኝ። አሁን ሦስቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ሁሉም የአንቺ የእጅ ጽሕፈት ናቸው፤ የቱ ጋ እሱ እንዳለቀና የቱ ጋ አንቺ እንደጀመርሽ እንኳ ቀለሙ አይለይልኝም። አንድ ነገር ብቻ በእውነት ጻፊልኝ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት «የኔታ ምን አለ?» ብሎ ጠይቆሽ ነበር? ጠይቆ ከሆነም አትደብቂኝ።

ወደ ንግሥቴ ልመለስ። ወረቀትሽ እንደደረሰኝ አልጽፍም ብዬ ቀደድኩት። እኔ የቀመስኩትን ለእሷ አላቀምስም፣ ውሸት በቃን፣ እውነቱን ራሴ እጽፍላታለሁ ብዬ ለአክስቴ ነገርኳቸው። አክስቴ ሽንኩርት እየላጡ ነበር። ቀና ሳይሉ፣ አንተስ ቢከፋህም እዚህ ደረቴ ላይ ተደፍተህ ነው ያለቀስከው፤ እሷ የማን ደረት ላይ ልትደፋ ነው? የእመቤቷ መጥረጊያ ላይ? አሉኝ። ቢላዋውን ተቀበልኳቸውና የቀረውን ሽንኩርት ላጥኩ።

ትናንት ከሰዓት ዝናቡ ሲይዝ በላቀው ስም ልጽፍላት ተቀመጥኩ። ሦስት መስመር ጽፌ ልገላገል ነበር ሐሳቤ። «ይድረስ ለእህቴ ለንግሥቴ፣ ዛሬ የሚጽፍልኝ የኔታ ነው፤ ፊደሉ ከተንጋደደ በእሱ ፍረጂ» ብዬ ስጀምር ግን ላቀው ራሱ ወሬውን ቀጠለ። እኔ ተከትዬ ጻፍኩ። ሰኔ ላይ ሽቦውን እንዳስገቡለት፣ የሙከራው ሳምንት በሦስተኛው ቀን እግሩ ላይ አንሶላ ጥሎ እንደተኛ፣ ሲነቃ አንሶላው እዚያው እንዳለ አይቶ እንደሳቀ ነገራት። አጎታችን ምስክር ባትሪው ይጮህ እንደሆነ ብለው ጆሯቸውን ዳሌው ላይ አስጠግተው እንዳዳመጡም ነገራት። አራት ገጽ ሆነ። ስጨርስ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእሱ ጋር ተቀምጬ የዋልኩ መሰለኝ። አንቺም ሁለተኛውን ስትጽፊ እንደዚህ ሆነሽ ነበር? ይሄን ስላሰብኩ ይቅር ብዬሻለሁ ማለት አይደለም።

ደብዳቤው ከዚህ ጋር ታሽጎ መጥቶልሻል። ሙንዲር በእጅሽ ይሰጥሻል፤ ፖስታ ቤት አስገቢው። ጥቅምት ላይ ስትመጣ መርዶውን የምነግራት እኔ ነኝ። አንቺን ዛሬ እንደማይሽ እሷም እኔን ታየኝ፤ ይገባኛል።

ከመላክሽ በፊት እንደምታነቢው አውቃለሁ። የተሳሳተ ፊደል ካገኘሽ አርሚ፤ ስለ ሐኪሞቹ የጻፍኩት ከበዛም ቀንሺ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ግን ላቀው ለንግሥቴ «ያስወሰነኝ ታናሻችን ነው፤ በጠየቅሁት በሳምንቱ መልሱን ላከልኝ» ይላታል። ይህቺን እንዳትሰርዣት።

እግዚአብሔር የወንድማችንን ነፍስ በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። ለእናታችን ጉልበት፣ ለልጆችሽ ዕድሜ ይስጥልን። ንግሥቴን በሰላም ለአገሯ ያብቃት። ጎርፉን ከቤትሽ፣ መብረቁን ከደጅሽ ያርቅልሽ።

የተከፋው ታናሽ ወንድምሽ